ሊኑክስ ከተጫነ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስታክ ካደረገ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጭነቱ ያለ ምንም ችግር አለቀ። ሪስታርት አድርጉ አላችሁ፤ አደረጋችሁ። አርማው ብቅ አለ፣ ከሥሩ ያለችው ክብ ትንሽ ዞረች፣ ከዚያ ቀጥ! ማውሱም ኪቦርዱም ወይ ፍንክች። ይህ ገጽ እዚህ ላይ ለቆመ ሰው ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ትዕዛዞቹን አነባበባቸውን ይዤ በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው የምትጽፏቸው። ምሳሌዎቼ ያተኮሩት ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ነው። እንደ ፌዶራና ዴቢያን ያሉት ሌሎቹ ላይ የሚለይ ነገር ሲኖር እዚያው እጠቅሰዋለሁ።

እንደገና ብጭነውስ?

አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅማችሁም። የመጫኛው ፍላሽ ያው፣ ከርነሉ (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሊኑክስ እምብርት) ያው፣ ኮምፒውተሩም ያው። ታዲያ ውጤቱ ከየት ይለወጣል? እኔም በጊዜዬ ተሞኝቻለሁ። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጫንኩ። በሦስተኛው ስክሪኑ እንደለመደው ጭልም ሲል በንዴት ካፕስ ሎክን ተጫንኩት። መብራቷ ቦግ አለች። ደግሜ ነካሁት፤ ጠፋች። ለካ ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ ስክሪኑ ብቻ ነው የጠፋው። ችግሩ የተፈታው ግረብ ላይ፣ ማለትም ሊኑክስን በሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ላይ፣ አንዲት ቃል በመጨመር ነበር።

እንደገና መጫን የሚያስኬደው ያወረዳችሁት አይኤስኦ ፋይል (የመጫኛው ፋይል) ወይም ፍላሹ ሲጠረጠር ነው። ለምሳሌ ጭነቱ መሀል ላይ የስህተት መልእክት አሳይቶ ከነበረ። እንዲያ ከሆነ የፋይሉን ኤስኤችኤ256 ቁጥር (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳይ መለያ) አስወጡና አዘጋጆቹ ከለጠፉት ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉን እንደ አዲስ አውርዱ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ደግሞ ፍላሽ ቀይራችሁ ሞክሩ።

«የመጫኛውን ፍላሽ ንቀልና ኢንተር ተጫን» ብሎ እዚያው ቀረ። ተበላሸ ማለት ነው?

አልተበላሸም። እዚህ ደረጃ ላይ ጭነቱ አልቋል። ፍላሹን ንቀሉ፣ ኢንተር ተጫኑ። ካልታዘዘላችሁ የፓወር በተኑን ተጭናችሁ ይዛችሁ አጥፉትና መልሳችሁ አብሩት።

የት ላይ እንደቆመ በምን አውቃለሁ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የኮምፒውተር አነሳስ እንደ ዱላ ቅብብል ነው። መጀመሪያ የሚሮጠው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ዩኢኤፍአይ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ባዮስ ይለዋል። እሱ ለግረብ ያቀብላል። ግረብ ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለውን ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም ሜሞሪ ላይ ይጭናል። ከርነሉ ሃርድዌሩን ይለያል፣ ዲስኩን ያገኛል፣ ከዚያ ለሲስተምዲ ያስረክባል። ሲስተምዲ ሰርቪሶቹን (ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች) አንድ በአንድ አስነስቶ በመጨረሻ የይለፍ ቃል የምትጽፉበትን ስክሪን ያመጣል። ዱላው በማን እጅ እንደወደቀ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ምልክቶቹ አያስቸግሩም። የኮምፒውተሩ አምራች አርማ ላይ ከቀረ ሊኑክስ ገና ተራው አልደረሰውም። ጥቁር ገጽ ላይ ግረብ የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ ካያችሁ ግረብ የራሱን ፋይሎች አጥቷል። «ሎዲንግ ኢኒሻል ራምዲስክ» ብሎ ከደረቀ ብዙውን ጊዜ የግራፊክስ ጣጣ ነው። የኡቡንቱ ወይም የሚንት አርማ ላይ ከቀረ ግን አርማው ራሱ መጋረጃ ነው፤ ከኋላው ምን እንደሚካሄድ አይታይም። አንዳንዴ ኢስኬፕን መጫን ብቻ መጋረጃውን ይገልጠዋል።

ካልገለጠው ግረብ ላይ ነው የምንገባው። ሜኑው ሲመጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሁኑና «ኢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኑ። ጥቂት መስመሮች ያሉት ማስተካከያ ይከፈታል። በፍላጻ ቁልፎቹ ወረድ በሉና ሊኑክስ በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉ። ርዝመቱ ወደሚቀጥለው መስመር ሊያሻግረው ይችላል፤ አትደናገጡ። መጨረሻው አካባቢ «ኳይት ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። የመጀመሪያው ዝም በል ማለት ነው፣ ሁለተኛው አርማውን አሳይ ማለት። ሁለቱንም አጥፏቸው። ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስን አብራችሁ፣ ወይም ኤፍ10ን ተጫኑ።

አሁን ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ሲቆም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ይህ ለውጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሪስታርት ስታደርጉ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ አበላሽ ይሆን ብላችሁ አትፍሩ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው የግድ ጥፋተኛው አይደለም። እሱ ሥራውን ጨርሶ የተናገረ ነው። የታነቀው ቀጥሎ ሊናገር የነበረው ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ያቺን መስመር ብቻ ይዞ ሲፈልግ ቀኑን ያቃጥላል።

የግረብ ሜኑ ጭራሽ አይመጣም። ምን ላድርግ?

ሊኑክስ ብቻውን ሲጫን ሜኑው ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። የአምራቹ አርማ እንደጠፋ ኢስኬፕን አንዴ ጫን አድርጉ። የቆየ ባዮስ ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ። ኢስኬፕን ደጋግማችሁ ከቀጠቀጣችሁት ሜኑውን አልፎ የግረብ ትዕዛዝ መጻፊያ ውስጥ ይጥላችኋል። ያኔ ሪስታርት አድርጋችሁ ረጋ ብላችሁ ሞክሩ። እኔ ይህን ሰከንድ ለማግኘት አምስት ስድስት ጊዜ የሞከርኩባቸው ላፕቶፖች አሉ።

እውነት ስታክ አድርጎ ነው ወይስ የጠፋው ስክሪኑ ብቻ ነው?

ካፕስ ሎክን ንኩት። መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ከርነሉ በሕይወት አለ። ምንም ካልተለወጠ ብዙውን ጊዜ በእርግጥ ደርቋል ማለት ነው። ማንም ሳይነካው በራሱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ከርነል ፓኒክ ነው፤ ከርነሉ ራሱ ሊወጣው የማይችለው ችግር ገጥሞት እጁን ሰጥቷል።

በሕይወት ካለ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር ገጽ ላይ ስም የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ እሰየው! ሲስተሙ በሙሉ ተነስቷል፤ የቀረው የግራፊክስ ክፍሉ ነው። እዚያው ገብታችሁ መጠገን ትችላላችሁ።

ላፕቶፕ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ ስክሪኑ ላይ በአግድም አብሩበት። የመግቢያው ሳጥን እንደ ጥላ ደብዘዝ ብሎ ከታያችሁ ሁሉም ነገር ሠርቷል፤ የስክሪኑ የጀርባ መብራት ብቻ ነው የጠፋው። መጀመሪያ የብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ ሞክሩ። ነገሩ ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ያላየው ነው።

«ኖሞድሴት» የሚሉት ምንድን ነው? ለምንስ ሁሉም ሰው እሱን ይመክራል?

ኖ፣ ሞድና ሴት የሚሉት ሦስት ቃላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ነው የሚጻፉት። ድሮ የስክሪኑን መጠንና ጥራት የሚወስነው ከከርነሉ ውጭ ያለው የግራፊክስ ሶፍትዌር ነበር። በኋላ ሥራውን ከርነሉ ራሱ ወሰደው። ስለዚህ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ገና ከመነሻው ይጫናል ማለት ነው። ድራይቨሩ ከካርዱ ጋር ካልተስማማ ስክሪኑ እዚያው ይጠፋል፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩን ይዞት ይደርቃል። ኖሞድሴት ለከርነሉ «ስክሪኑን አትንካ፤ ዩኢኤፍአይ ባዘጋጀው ቀጥል» ይለዋል።

አጨማመሩ ከላይ እንዳልኩት ነው። ግረብ ላይ «ኢ»፣ ከዚያ ኳይትና ስፕላሽን አጥፍታችሁ በቦታቸው ኖሞድሴትን ጻፉ፤ ኤፍ10። ዴስክቶፑ ከመጣ ጥፋተኛው ግራፊክስ እንደሆነ አረጋገጣችሁ።

ግን እዚያው ላይ አትቅሩ። በኖሞድሴት የሚሠራ ኮምፒውተር ካርዱን በአግባቡ አይጠቀምም። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቪዲዮ ይንቀራፈፋል፣ የብርሃን ማስተካከያው እምቢ ሊል ይችላል። ኖሞድሴት እስክትጠግኑት ድረስ የምትደገፉበት ምርኩዝ ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ የኤንቪዲያ ካርድ ነው። ሊኑክስ ሲጫን በነባሪ የሚመጣው ኑቮ የሚባለው ድራይቨር ነው። ፈቃደኛ ሠራተኞች ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ ከውጭ እየሰለሉ የጻፉት ሲሆን በ2010 ነው ወደ ከርነሉ የገባው። ሰዎቹ ያለ አምራቹ ሙሉ ትብብር ይህን ያህል መድረሳቸው ራሱ ያስደንቀኛል። ቢሆንም አዳዲስ ካርዶች ላይ አንዳንዴ ይወድቃል። መፍትሔው የኤንቪዲያን የራሱን ድራይቨር መጫን ነው። ኡቡንቱ ላይ ተርሚናል (ትዕዛዝ መጻፊያውን) ከፍታችሁ «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል» በሉ። ሚንት ላይ ድራይቨር ማናጀር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሪኮመንድድ የሚለውን መርጣችሁ ጫኑ። ከዚያ ያለ ኖሞድሴት አስነሱት።

ለከርነሉ የምትሰጡት አንድ ቃል በቋሚነት እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ፣ ዲፎልት በሚለው ሥር፣ ግረብ የሚባል ፋይል አለ። ኳይት ስፕላሽ የሚሉትን ቃላት የያዘው መስመር ላይ ጨምሩና «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» በሉ። ፌዶራ ላይ ይህ ትዕዛዝ የለም፤ እዚያ ግረቢ የሚባለው መሣሪያ ነው የሚሠራው።

ድራይቨሩን ጫንኩ፤ ግን ምንም አልተለወጠም። ሴኪዩር ቡትን ላጥፋው?

ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን አስታውሱ። ድራይቨሩ ሲጫን አንድ የይለፍ ቃል አውጡ አላላችሁም? ከዚያስ ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ አልነበረም? ብዙ ሰው ያንን ገጽ የስህተት መልእክት መስሎት «ኮንቲኒው ቡት» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ሴኪዩር ቡት፣ ያልተረጋገጠ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው የዩኢኤፍአይ ጥበቃ፣ ሲበራ ከርነሉ ያልተፈረመ ድራይቨር አይቀበልም። ኮምፒውተራችሁ ድራይቨሩን በራሱ ቁልፍ ይፈርመዋል፤ ሰማያዊው ገጽ «ይህን ቁልፍ ልመነው?» እያለ ነው የሚጠይቃችሁ። «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ፣ ኮንቲኒው፣ የስ፣ ከዚያ ያወጣችሁትን የይለፍ ቃል ጻፉ። ካለፋችሁት ድራይቨሩ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሳይጫን ይቀራል።

ሴኪዩር ቡትን ማጥፋትም ይሠራል። ግን ዊንዶውስ አብሮ ካለና ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከበራ ዊንዶውስ ሲነሳ የሪከቨሪ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉን ሳትይዙ ባዮስ ውስጥ ምንም ነገር አትነካኩ። እኔ ቁልፉን ማስመዝገቡን እመርጣለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

«ኤ ስታርት ጆብ ኢዝ ራኒንግ» እያለ ሰከንድ ይቆጥራል። ልጠብቅ?

ጠብቁት። ይህ ስታክ ማድረግ አይደለም፤ ሲስተምዲ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። ነባሪው ገደብ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይቀጥላል፣ ወይም ኢመርጀንሲ ሞድ (ለጥገና የሚሆን የትዕዛዝ ገጽ) ውስጥ ያስገባችኋል።

የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ የሌለ ዲስክ ነው። ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል አለ፤ ሲስተሙ ሲነሳ የትኞቹ ፓርቲሽኖች (የዲስክ ክፍሎች) መከፈት እንዳለባቸው የተዘረዘረበት ነው። እያንዳንዱ ፓርቲሽን የሚታወቀው ዩዩአይዲ በሚባል ረጅም መለያ ነው። ፓርቲሽኑ ፎርማት ሲደረግ መለያው ይቀየራል። አስቡት፦ አንድ ሊኑክስ ነበራችሁ፣ ጎኑ ላይ ሌላ ጫናችሁ። አዲሱ የስዋፕ ፓርቲሽኑን (ሜሞሪ ሲሞላ የሚያግዘውን) ፎርማት አደረገው። የድሮው ኤፍኤስታብ ግን አሁንም አሮጌውን መለያ ይዞ ደጅ ይጠናል። ቤቱን ለቆ የሄደ ሰው በር እንደማንኳኳት ነው።

ሲስተሙ ውስጥ ገብታችሁ ተርሚናል ላይ «ሱዶ» ብላችሁ ቢ፣ ኤል፣ ኬ፣ አይ፣ ዲ የሚሉትን ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ። ትክክለኛዎቹን መለያዎች ያወጣላችኋል። ኤፍኤስታብ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩና የተለየውን አስተካክሉ። ሁልጊዜ ለማይሰካ ዲስክ ደግሞ አማራጮቹ ላይ «ኖፌይል» የሚለውን ቃል ጨምሩ፤ ሲስተሙ ባይገኝም ችግር የለም ብሎ ያልፈዋል።

«ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ጥቁር ገጽ ላይ ጣለኝ።

ከርነሉ ተነስቷል፤ ዋናውን ፓርቲሽን ግን ወይ አላገኘውም ወይ ሊከፍተው አልቻለም። ከላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የፋይል ሲስተሙ በእጅ መፈተሽ አለበት የሚል ከሆነ ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ የሚሉትን ፊደላት አያይዛችሁ፣ ከዚያ ሰረዝ ዋይ፣ ከዚያ መልእክቱ የጠቀሰውን የፓርቲሽን ስም ጻፉ። ሲጨርስ «ኤግዚት»። ይህ ኤክስት4 ለሚባለው፣ ለኡቡንቱና ለሚንት ነባሪ ፋይል ሲስተም ነው። ፌዶራ ዎርክስቴሽን በነባሪ ቢቲአርኤፍኤስ የሚባል ሌላ ፋይል ሲስተም ስለሚጠቀም እዚያ ላይ አይረዳችሁም።

አንዴ ከሆነ መብራት ጠፍቶ ወይም ባትሪ አልቆ ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ ከተደጋገመ ግን ዲስኩ እያለቀለት ነው። መጠገኑን ተዉትና ፋይላችሁን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ዩዩአይዲው የለም የሚል ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ዲስኩ ራሱ አልታየም ማለት ነው። ባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር (ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ) ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም ወደ ኢንቴል አርኤስቲ ተመልሶ እንደሆነ እዩ። የባዮስ አፕዴት ወይም ሪሴት ያለማስጠንቀቂያ ሊመልሰው ይችላል። በተቃራኒው ዊንዶውስ በአርኤስቲ ተጭኖ ከነበረና እናንተ ዝም ብላችሁ ወደ ኤኤችሲአይ ከቀየራችሁት እሱ በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። ቅድሚያ ሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዘጋጅታችሁ ነው የሚቀየረው።

ዊንዶውስ አብሮ ስላለ ነው እንዴ?

አንዳንዴ። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለው። ጠፋ ስትሉት በሙሉ አይጠፋም፤ ግማሹ ተኝቶ ነው የሚያድረው። ፓርቲሽኑም እንደተቆለፈ ይቀራል። ያ ፓርቲሽን ኤፍኤስታብ ውስጥ ካለ ሊኑክስ ሲነሳ ሊደናቀፍ ይችላል። ከዊንዶውስ የፓወር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት።

ደህና ሲሠራ ቆይቶ አፕዴት ካደረግሁ በኋላ ነው የቀረው።

ይሄኛው ቀላል ነው። ግረብ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈቱና የቀድሞውን ከርነል ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ያለው፣ ቁጥሩ አነስ ያለው ነው። በእሱ ከተነሳ ችግሩ አዲሱ ከርነል ላይ ነው። ቀጣዩ አፕዴት እስኪመጣ በአሮጌው ሥሩ። በእሱም ካልተነሳ ከዚያው ሜኑ ሪከቨሪ ሞድ ገብታችሁ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ፈትሹ። ዲስክ ሲሞላ የመግቢያው ስክሪን ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። «ክሊን» የሚለው የሪከቨሪ አማራጭ ቦታ ያስለቅቃል።

ኮምፒውተሬ አዲስ ነው። እንዴት ሊኑክስ አያውቀውም?

አዲስ ስለሆነ ነዋ! ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ነው ያለው። ከኮምፒውተሩ በፊት የወጣ ከርነል ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አያውቅም። አዲስ ከርነል ያለው እትም ውሰዱ። ዴቢያን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ነው የሃርድዌር ፈርምዌሮቹ (ሃርድዌሮቹ ለመሥራት የሚፈልጓቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) በዋናው መጫኛ ውስጥ መካተት የጀመሩት። ከዚያ በፊት ባለው እትም የኤኤምዲ ግራፊክስ ያላቸው ኮምፒውተሮች ፈርምዌር አጥተው ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀሩ ነበር።

የባዮስ አፕዴትም አትናቁ። በ2017 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲፈቱ ሊኑክስ ላይ ይደርቁ ነበር፤ መድኃኒቱ የተገኘው ባዮስ ውስጥ በተጨመረ አንድ የኃይል ማስተካከያ ነው። ሌላው ሁሉ ሲያቅት «ኤሲፒአይ=ኦፍ» ግረብ ላይ ጻፉ የሚል ምክር ይሰጣል። ይነሳል ይሆናል፤ ግን የባትሪ መጠን አይታይም፣ በትክክልም አይጠፋም። ችግሩ የኃይል አስተዳደሩ አካባቢ መሆኑን ለማወቅ ብቻ ሞክሩት።

የተሰኩትን ነገሮች ልንቀላቸው?

አዎ፣ ከሁሉም በፊት። ፕሪንተር፣ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ዩኤስቢ ሃብ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ሁለተኛ ሞኒተር፤ ሁሉንም። ይህን ጥያቄ ከላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ሲደርቅ በፓወር በተን ማጥፋቴ ዲስኩን ይጎዳዋል?

አንድ ሁለቴ ቢሆን ብዙም አትጨነቁ። ኤክስት4 መዝገብ እየያዘ ስለሚጽፍ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። ግን ካፕስ ሎክ የሚሠራ ከሆነ የተሻለ መንገድ አለ። ኦልትንና ፕሪንት ስክሪንን አብራችሁ ያዙ። ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የሚለውንም መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። እንደያዛችሁ በየመሀሉ ሁለት ሰከንድ እየጠበቃችሁ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት በተራ ተጫኑ። ኤስ ሜሞሪ ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ያስጽፋል፣ ዩ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፣ ቢ ሪስታርት ያደርጋል። ሌሎች ሦስት ፊደላት የሚቀድሙበት ረጅም ቅደም ተከተልም አለ። ኡቡንቱ ግን በነባሪ የሚፈቅደው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሦስት ነው።